ልጄ ያልተለበሰ ሱሪ በምላጭ ቀደደ

ደብዳቤው ይሄው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከጎንደር ሳሙና በር ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ አለኝ፣ 11ኛ ክፍል ነው፣ በትምህርቱ ጎበዝ ነው፣ ጠባዩም አይከፋም። ለጥምቀት ብዬ በ2,500 ብር ጂንስ ሱሪ ገዛሁለት። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን በምላጭ ይቀደዋል፣ ገና ያልተለበሰ ሱሪ! ምን እያረክ ነው ስለው ‹እማ ፋሽን ነው፣ ሁሉም እንዲ ነው ሚለብሰው› አለኝ። ደሜ ፈላ፣ ነጥቄ በመቀስ ቆራረጥኩትና የቤት መወልወያ አደረኩት። ይሄው ሁለት ሳምንታችን፣ ከ‹እሺ› እና ከ‹በላሁ› ሌላ አያወራኝም። አባቱ ተይው ዘመኑ ነው ይለኛል። ከዚህ በፊትም ከጓደኛው የተዋሰውን ቅድ ሱሪ ለብሶ ለቅሶ ቤት መጥቶ አንዲት የእድራችን ሴት ‹ምነው፣ ልጅሽ ሚለብሰው አጣ እንዴ?› ብላኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ባለጌ ሆኖብኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ ኋላ ቀር? ለጥምቀት እንዲ ለብሼ ልውጣ ቢለኝ ልከልክለው? እኔ ልጅ ሆኜ በለሳ እያለን አንድ ቀሚስ ነበረችኝ፣ ጀርባዋ ተቀዶ ስለነበር ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ነበር ምቀመጠው፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ሲጠራኝ መልሱን እያወኩ አላውቅም እል ነበር። ይሄን ለማንም አውርቼው አላውቅም። መልስሽን እጠብቃለሁ።»

እህት ዓለም፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከመጨረሻው መስመርሽ ግን መላቀቅ አቃተኝ። እሱጋ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ልጅሽ ባለጌ አደለም። ይሄን ቁርጥ አርጌ ነው ምነግርሽ። አልጋው ላይ በሩን ሳይዘጋ ቁጭ ብሎ ነው ያገኘሽው፣ ስትገቢም አልደበቀም፣ ስትጠይቂውም አልዋሸሽም፣ ምክንያቱም እሱ ጥፋት እያጠፋሁ ነው ብሎ አላሰበማ፣ ሱሪውን እያሳመረው ነበር። አንቺም ኋላ ቀር አደለሽም፣ ለፍተሽ ባገኘሽው ብር የገዛሽው ነገር ፊትሽ ሲቀደድ ደምሽ ባይፈላ ነበር ሚገርመኝ። ሁለታችሁም አንድ ሱሪ ነው ያያችሁት፣ ያያችሁት ነገር ግን አንድ አደለም፣ ነገሩ ያለው እዛ ላይ ነው።

መልስ ከመጻፌ በፊት አራዳ ወርጄ አንድ የማውቀው ልብስ ሰፊጋ ግማሽ ቀን ዋልኩ፣ በረንዳ ላይ በአሮጌ ሲንጀር ሚሠራ ትልቅ ሰው ነው። ልጆች ሱሪ ቅደድልን እያሉ ይመጣሉ ወይ ብዬ ስጠይቀው አዎ አለኝና እጁ ላይ የነበረውን አሳየኝ። ምን መሰለሽ፣ ዝም ብሎ ሚቦጨቅ ነበር የመሰለኝ፣ ለካ ሥራ አለው። ጉልበቱ ላይ በደረቅ ሳሙና ሁለት መስመር ወደ ጎን ያሰምራል፣ መስመሩን ይዞ በምላጭ ይቆርጣል፣ ከዛ ወረንጦ ያነሳና በሁለቱ ቁራጮች መሀል ያለውን ሰማያዊ ክር አንድ በአንድ እየለቀመ ያወጣዋል፣ ነጩ ክር ግን ሳይነካ እንዳለ ይቀራል። ፈትልና ሸማኔ ባለበት ሰፈር ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ነው ሚገባው፣ ጂንስም እኮ እንደኛው ሸማ ድርና ማግ ነው፣ ድሩ ሰማያዊ ነው ማጉ ነጭ፣ ድሩን ስታወጪው ማጉ ብቻውን ጉልበቱ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ሰማያዊ ቀለሙም ክሩን ከላይ ከላይ ነው ሚለብሰው እንጂ እስከ ውስጥ አይዘልቅም፣ ጂንስ ሲታሽ ሲታሽ ነጭ ሚሆነው ለዛ ነው። ልብስ ሰፊው ይሄን ሲያሳየኝ እጁ ቀስ ይል ነበር፣ አንዱን ጉልበት ለመጨረስ እኔ አንድ ቡና ጠጥቼ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ።

እዛው ቁጭ ብዬ እያለሁ አንድ የቀን ሠራተኛ መጣ፣ ሱሪው ሲሚንቶ ነክቶት ከታች እስከ ላይ አመድ መስሏል፣ ቀኝ ጉልበቱ ሙሉ ለሙሉ ሄዷል። ጣፍልኝ አለው። ልብስ ሰፊው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ፈለገና ጠዋት ለሌላ ልጅ ጉልበቱን ከፍቶ የቆረጣትን እራፊ አነሳ፣ መዳፍ ምታህል አዲስ የጂንስ ቁራጭ ናት፣ እሷን ለሠራተኛው ጉልበት ጣፈለት። ሠራተኛው ከፍሎ ሄደ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ደብዳቤሽ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበረና ከበደኝ።

ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ጂንስ ሲጀመር የተሠራው እንዳይቀደድ ተብሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአንድ የጉልበት ሠራተኛ ሚስት የባሌ ሱሪ እየተቀደደ አስቸገረኝና ጠንካራ ስፋልኝ ብላ ጄኮብ ዴቪስ ሚባል ልብስ ሰፊጋ ሄደች፣ እሱም የኪሱ ጥግ ላይ የመዳብ ምስማር መታበት፣ ከዛ ጨርቁን ከሚሸጥለት ነጋዴ ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት አወጡበት። ስለዚ ያቺ ሴትዮ ያንቺ ዓይነት ሴት ናት፣ የተቀደደ ልብስ መስፋት የሰለቻት። መቅደዱ ፋሽን የሆነው ብዙ ቆይቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ፓንክ ሚባሉት ወጣቶች፣ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ ሸሚዛቸውን እየቀደዱ በመርፌ ቁልፍ እያያዙ መልበስ ጀመሩ፣ እኛ ከናንተ ጋር አደለንም ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ሮክ ዘፋኞች ጉልበቱ ያለቀ ጂንስ ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ፣ ከዛ በኋላ ፋብሪካው ራሱ እየቀደደ መሸጥ ያዘ። አሁንማ ባሌንሲያጋ ሚባለው ትልቅ የፋሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ተቦጫጭቆ ያለቀ ሚመስል ሸራ ጫማ በ1,850 ዶላር ለገበያ አቅርቧል። እዚ ላይ ያንቺን ንዴት እጋራዋለሁ፣ ሙሉ ጫማ ያጣ ሰው ባለበት ዓለም ያለቀ ጫማ በዛ ብር መሸጥ እኔንም ያመኛል። ግን የሱ ጥፋት ያንቺ ልጅ ትከሻ ላይ አይጫንም፣ እሱ ያየው ጓደኞቹንና ቲክቶክ ላይ ያሉትን ልጆች ነው።

ስለ ፋብሪካው ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይሄን ልጅሽም ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ጂንሱ ያረጀ እንዲመስል በአየር ግፊት አሸዋ ይነፉበት ነበር፣ ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያቆስላል፣ ሲሊኮሲስ ይሉታል፣ መዳኛ የለውም። ቱርክ ውስጥ ይሄን ሲሠሩ የነበሩ ወጣቶች ታመው ሞተው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ከለከለው፣ በዓመቱ ሊቫይስ እና ኤችኤንድኤምም ከዚህ በኋላ በዚ መንገድ የተሠራ አንሸጥም አሉ። እና እኔን ብትጠይቂኝ ተቀዶና አርጅቶ ተሠርቶ ከሚመጣው ልጅሽ በገዛ እጁ የቀደደው ይሻለኛል፣ ቢያንስ ማንም አልታመመበትም።

«የኛ ባህል አደለም» ሚለውን ነገር ግን በዚ ጉዳይ ላይ ባትጠቀሚበት ደስ ይለኛል፣ ልጁ አይሰማሽም፣ ደግሞም ሙሉ እውነት አደለም። በኛው ጎንደር የተጣፈ ለብሶ ደበሎ ደርቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሚመጣን የቆሎ ተማሪ ማነው ሚንቀው? ነገ መምህር ሚሆን ነው ብለን እንጀራውን እንሰጠዋለን። በድሮ ለቅሶ ሰው ሐዘኑ ሲበረታበት ልብሱን ይቀድ ነበር። የነጠላሽን ጫፍ እይው እስኪ፣ ዘርፉ ማግ ያልገባበት ድር አደል እንዴ፣ ሳይደመደም ተንጠልጥሎ የተተወ፣ እና እሱን ውበት ብለን ነው ምንለብሰው። ጥለቱን ወደ ላይ አዙረሽ ስትደርቢው ደግሞ ያው ነጠላ ሐዘን ይሆናል። እና አየሽ፣ ጨርቁ አደለም ሚናገረው፣ ማን ለብሶት የት ሄደ ሚለው ነው።

ደግሞ ሁልጊዜ ወጣት ፋሽን ሲፈልግ ትልቅ ሰው ሲከለክል እንዳይመስልሽ። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የፋሽን ሾው ሲዘጋጅ ይሄ የውጭ ነገር ነው፣ ሚኒ ስከርት አንፈልግም ብለው ወጥተው የተቃወሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የነዛ ተማሪዎች ታናናሾች ቤል ቦተም ለብሰው አፍሮ አበጥረው የተነሱትን ፎቶ ደግሞ የብዙዎቻችን ቤት አልበም ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ዛሬ እነሱ አያት ናቸው።

አሁን ወደ ለቅሶው ልምጣ፣ እዚ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ለቅሶ ቤት በቅድ ሱሪ መምጣት ልክ አደለም፣ ይሄን ደግሞ ስለ ፋሽን ሳትጨቃጨቂ መንገር ትችያለሽ። ለቅሶ ቤት ሰው ዓይኑ ሐዘንተኛው ላይ ነው መሆን ያለበት፣ አንተን ለማየት ከዞረ አጥፍተሃል በይው፣ የ17 ዓመት ልጅ ይሄን አይቶ ይረዳል። ቤተክርስቲያንም እንደዛው። ያቺ የእድር ሴትዮ ያለችሽን ግን ልጅሽ ላይ አታወራርጂው። ያዋረደችሽ እሷ ናት፣ እሱ አደለም፣ የሰው ልጅ ጉልበት አይቶ እናቱን በሰው ፊት «አጣ እንዴ» ማለት ምን ሚሉት ነው! ቀስ ብለሽ ለብቻዋ ስታገኚያት «ያን ቀን ያልሽኝ ከፍቶኛል» በያት።

ጥምቀትን በተመለከተ አትከልክዪው፣ አብረሽው ግዢ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ፣ እኛው ራሳችን ነን ይሄን ምንለው፣ እና ለጥምቀት የተገዛ ሱሪ ሲበጣጠስ ለምን እንደከፋሽ እሱም ከዚ ተረት ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። የጎንደር ልጅ ነው አደል፣ ታቦቱ በከተራ ዕለት ወርዶ ፋሲለደስ ሲያድር፣ ጠዋት ውሃው ሲባረክ ልጆቹ ዘለው ሲገቡ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዓይነት ነጭ ለብሶ ሲጨፍር፣ ያን ቀን በቅድ ሱሪ እንውጣ ሚሉ ካሉም ጥቂት ናቸው። ምን መልበስ እንደሚፈልግ ጠይቂው። እስካሁን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

ሱሪውን በመቀስ መቆራረጥሽን ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ስለምወድሽ ነው። እሱ ጉልበቱን ቀደደ፣ አንቺ ሙሉውን ቀደድሽ፣ ያውም መወልወያ አርገሽ በየቀኑ እግሩ ስር እያየው። እባክሽ ያን ጨርቅ ዛሬውኑ ከቤት አውጪው። «በንዴት ነው፣ ማድረግ አልነበረብኝም» በይው፣ ከዛ በላይ አትጨምሪ፣ «ግን አንተም» ሚለውን አታስከትዪ። እናት ልጇን ይቅርታ ስትል ክብሯ ይቀንሳል ሚሉ አሉ፣ እኔ አላምንበትም፣ እናቴ አንድ ጊዜ ብላኛለች፣ ይሄው ስንት ዓመቴ እስካሁን ድምጿን አስታውሰዋለሁ።

የብሩን ነገር ግን ዝም አትበዪ፣ እዛ ላይ እሱ ነው ያጠፋው። ያንቺ 2,500 ብር የስንት ቀን ሥራሽ እንደሆነ አስልተሽ ንገሪው፣ ቁጥሩን ይስማው። ከዛ ተስማሙ። አንቺ ገዝተሽ ምትሰጪው ልብስ ሙሉ እንደሆነ ይለበሳል፣ ለመቅደድ ከፈለገ አሮጌ ሱሪውን፣ ወይ ራሱ ክረምት ሠርቶ ከቦንዳ የገዛውን ይቅደድ። አባቱም እዚ ላይ ይግባ፣ «ተይው ዘመኑ ነው» ብሎ ዞር ማለት ነገሩን ሁሉ አንቺ ላይ ጥሎ መሄድ ነው፣ ለልጁም አይጠቅመውም። ደግሞ ከቀደደ አይቀር በደንብ ይቅደድ፣ ከጎን ስፌቱ ራቅ ብሎ፣ ቀዳዳው ዳርና ዳር እንዳይተረተር በክር ይያዝ፣ ሲታጠብ ተገልብጦ ይታጠብ፣ አለበለዚያ በሦስተኛው እጥበት ሙሉ ጉልበቱ ነው ሚወጣው። መርፌ መያዝ ካላወቀ አስተምሪው፣ አንድ ከሰዓት አብራችሁ ቁጭ ትላላችሁ።

እሺ፣ አሁን የመጨረሻዋ መስመርሽ።

«ይሄን ለማንም አውርቼው አላውቅም» አልሽኝ። ለኔ ጻፍሽልኝ፣ ለማታውቂኝ ሰው፣ ለልጅሽ ግን አልነገርሽውም። እና እሱ በምን ይወቅ? እሱ ቀዳዳ ሲያይ ሚያየው ጓደኞቹን ነው፣ አንቺ ቀዳዳ ስታዪ ግድግዳ ተደግፋ ምትቀመጥ ልጅ ነው ምታዪው። አልጋው ላይ ምላጭ ይዞ ስታገኚው ያቺ ልጅ ናት የጮኸችው ብዬ ነው ማምነው፣ አንቺ ስንት ዓመት ተቀዶ እንዳይታይ የደበቅሽውን ነገር ልጅሽ ይታይልኝ ብሎ በገዛ እጁ ሲከፍተው። ምንም አታፍሪ በዚ። እኔ ሳነበው እንባዬ መጥቷል፣ እሱ ልጅሽ ነው፣ እሱጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚሆን አስቢው።

ንገሪው ስልሽ ግን ተቀምጠሽ እንደ ስብከት አደለም። «እኛ በኛ ጊዜ» ብለሽ ከጀመርሽ ጆሮው ይዘጋል፣ ሁሉም ልጅ እንደዛ ነው። ቡና እየቆላሽ፣ ወይ ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ ወይ ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ይዞልሽ ስትመለሱ መንገድ ላይ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ይሻላል አንዳንዴ። ቀሚሷ ምን ዓይነት እንደነበረች ንገሪው፣ ቀለሟን፣ ማን እንደሰፋት፣ እንዴት እንደተቀደደች፣ ማን አጠገብሽ ይቀመጥ እንደነበር፣ ደወል ሲደወል ሁሉም እስኪወጣ እንዴት ትጠብቂ እንደነበር። ከነገርሽው በኋላ «ስለዚህ ቅድ ሱሪ አትልበስ» እንዳትዪ፣ ይሄን አደራ እልሻለሁ፣ ታሪክሽን ለሱሪ መከልከያ ካረግሽው ሱሪ ሱሪ ይሸታል። ዝም በዪ፣ እሱ ያስብበት። ምናልባት ከዛ በኋላም ይለብሰው ይሆናል፣ ይልበስ፣ ግን አንቺ ስታዪው ምን እንደምታዪ አውቆ ነው ሚለብሰው፣ እሱም አንቺን ሲያይ ከዚ በፊት ያላየውን ነው ሚያየው።

እና ያን ቀን መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ጥያቄ ካስታወስሽው፣ ጥያቄውንም ንገሪው፣ መልሱንም።